ለተከበሩ የሁለተኛ ዲግሪ ታህት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ትናንት ሰሌዳ ፊት ስላደረሱብኝ ውርደት

ክቡር ሆይ፣

ስምዎ ታህት፣ ማለትም የክፍልፋይ የታችኛው ክፍል፣ ቢሆንም ትሕትና ግን እንዳልፈጠረብዎት፣ ከመስመሩ በታች ተቀምጠውም ከላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያዝዙ ለመመስከር ይህን ጽፌያለሁ። እርስዎ ኤክስ ስኩዌር ይዘው ሁለተኛ ዲግሪ ስላለዎት፣ የመጀመሪያውን ገና ያልጨረስነው እኛ ፊትዎ ቆመን መንቀጥቀጣችን የተገባ ነው።

ትናንት መምህሩ «የዚህን ክፍልፋይ ኢንተግራል፣ ማለትም ዴሪቬቲቩ ይህንኑ ክፍልፋይ የሚሰጠውን፣ አውጣ» ብለው ጠመኔውን ሲያቀብሉኝ ሰሌዳው ላይ ይጠብቁኝ የነበሩት እርስዎ ነበሩ፤ ከላይ 3ኤክስ ሲደመር 5፣ ከታች ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 4ኤክስ ሲደመር 13። እኔ የዋሁ በፓርሻል ፍራክሽን ወደ ቀላል ክፍልፋዮች እበትንዎታለሁ ብዬ ብዜታቸው 13፣ ድምራቸው 4 የሚሆን ሁለት ቁጥሮች ስፈልግ ቆየሁ፤ 13 ከ1 እና ከራሱ በቀር ዘመድ እንደሌለው ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር። በመጨረሻ መበተን አለመበተንዎን የሚናገረውን ዲስክሪሚናንትዎን ባሰላው 16 ሲቀነስ 52፣ ኔጋቲቭ 36 ሆነ፤ ኔጋቲቭ ከሆነ ደግሞ አይበተኑም። ይህን አስቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

የዴሪቬቲቭዎን አንድ ተኩል እጥፍ ከላዕሉ፣ ከላይ ካለው፣ ቀንሼ ሎጋሪዝሙን በሰላም ካወጣሁ በኋላ የተረፈችኝ ኔጋቲቭ 1 ብቻ ነበረች። ለእሷ ስል ኤክስ ሲደመር 2 በስኩዌር፣ ሲደመር 9 አድርጌ ሙሉ ካሬ ሠራሁልዎት፤ ኤክስ ሲደመር 2ን ለ3 አካፍዬ አርክ ታንጀንት ውስጥ አስገባሁ፤ ከፊቱ መቆም የነበረባትን አንድ ሦስተኛ ግን ረሳኋት። መምህሩ አልተቆጡም። «እስቲ የመልስህን ዴሪቬቲቭ አውጣ» ብቻ አሉኝ። ኔጋቲቭ 1 መሆን የነበረበት ኔጋቲቭ 3 ሆኖ ሲመለስ ሳቁ ከኋላ ወንበር ተነሣ።

ዲስክሪሚናንትዎ ዜሮ ሲሆን የሚያሳዩትን ደግነት አልረሳሁም፤ ብርቅ ነው እንጂ። ራስዎን በስኩዌር አሳድገው በመጡ ቀን ስለሆነው ግን ባልናገር ይሻላል።

የሚያንገበግበኝ መጽሐፉ ነው። ልክ እዚያች አንድ ሦስተኛ ላይ ሲደርስ «በቀላሉ እንደሚታየው» ብሎ ይዘላታል። ለማን ነው የሚታየው? ኤክስ ሲደመር 2 በ3ዩ ሲተካ ዲኤክስ 3ዲዩ እንደሚሆን፣ ከታች 9 እንደሚወጣ፣ 3 ለ9 ሲካፈልም አንድ ሦስተኛ እንደሚቀር ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ያን መስመር የነፈጉን ሰዎች ስንቱን ተማሪ ደደብ ነኝ ብሎ እንዲያምን አድርገውታል!

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለአንድ ሦስተኛ፣
መጨረሻ ላይ ሳልደምረው ለተቀመጥኩት ለቋሚው ሲ