ሥልጠና ይቅደም ወይስ ቅጥር? ስለ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ከትምህርት ወደ ሥራ መሻገሪያ የተደረገ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ከትምህርት ወደ ሥራ እንዲሻገሩ የሚመደበው ገንዘብና የሰው ኃይል በቅድሚያ መዋል ያለበት በኮሌጅ ለሚሰጥ ሥልጠና ሳይሆን፣ ወጣቱ ተቀጥሮ ሥራውን በቦታው እንዲማር ለማድረግ ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት ሥራ ፈላጊዎችን ከቀጣሪዎች ጋር የሚያገናኙ ባለሙያ ሲሆኑ፣ የሚቃወሙት በአንድ ሙያ ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ መምህር ናቸው።

ደጋፊ፦ በሥራዬ ከማገኛቸው ወጣቶች መካከል በአንድ ደረጃ ላይ ሦስት ሰርተፍኬት ይዘው አንድም ቀን ደመወዝ ተቀብለው የማያውቁ አሉ። አንዱን አጭር ኮርስ ሲጨርሱ ኮሌጁ ሌላ ይከፍትላቸዋል፤ ቤተሰብም ልጁ ቤት ከሚውል ብሎ ይልካል። ሁሉም በቅን ልቦና የሚያደርጉት ቢሆንም «ገና ዝግጁ አይደለም» የሚለው ፍርድ በየዓመቱ ይታደሳል። አካል ጉዳት የሌለበት እኩያቸው ግን ግማሽ ዝግጁ ሆኖ ይቀጠርና፣ ሲሳሳት እየታረመ በሥራው ላይ ይበስላል።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባት አንዲት ወጣት በኮሌጅ የመለማመጃ ክፍል አንሶላ ማጠፍ ተምራ፣ የብቃት ምዘናውንም አልፋ ነበር። እውነተኛው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስትገባ ግን አንሶላው በመጠን ተለያየባት፣ ማሽኑ ጮኸባት፣ ከኋላዋ ጋሪ እየተገፋ መጣባትና እጇ ቆመ። አብሯት የተመደበው የሥራ አሠልጣኝ በአንሶላው ጠርዝ ላይ ያለውን የቀለም ክር ከመደርደሪያው ቀለም ጋር እንድታዛምድ አሳያት። በሦስተኛው ሳምንት አሠልጣኙ በር አጠገብ ቆሞ ያያት ነበር፤ በአምስተኛው ሳምንት መምጣቱን ተወ።

ይህ የአንድ ሰው ገጠመኝ ነው ከተባለ፣ በስድስት የአውሮፓ ማዕከላት ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው 312 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በቀጥታ ወደ መደበኛ ሥራ እንዲገቡና በቦታው እንዲደገፉ ሲደረግ፣ የቀሩት ሥልጠናን ወደሚያስቀድመው የተለመደ የሙያ አገልግሎት ተላኩ። ከመጀመሪያው ወገን 55 በመቶ፣ ከሁለተኛው 28 በመቶ ሥራ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የተጀመረው ፕሮጀክት ሰርችም የተማሪዎቹን የመጨረሻ የትምህርት ዓመት ሙሉ በሙሉ ወደ ሥራ ቦታ አዛውሮ፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩ እንዲለማመዱ ያደርጋል።

ተቃዋሚ፦ የተከበሩ ተከራካሪዬ ከጠቀሱት ጥናት ውስጥ አንዲት ሐረግ ቀርታለች። 55 በመቶ የተባሉት በ18 ወራት ክትትል ውስጥ «ቢያንስ አንድ ቀን» የሠሩ ናቸው። ልዩነቱ እውነተኛ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን አንድ ቀን መሥራትና በአንድ ሙያ ኑሮን መምራት የቱን ያህል እንደሚራራቁ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አካል ጉዳት አንድ ዓይነት እንዳልሆነ በየስብሰባው እንናገራለን፤ በጀት ስንደለድል ግን እንረሳዋለን። አንሶላ ማጠፍ በቦታው ሊለመድ ይችላል፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን፣ ማለትም የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከርን ግን ደንበኛ እየጠበቀ፣ አለቃ ሰዓቱን እያየ ከዜሮ ልማር ቢሉ አይሆንም።

አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ። በመጀመሪያው ቀን የሒሳብ ፕሮግራሙን ሲከፍት ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌር፣ የተናገረው «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ብቻ ነበር። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ለቁልፎቹ የጽሑፍ ስያሜ ስላልሰጧቸው የትኛው «መዝግብ»፣ የትኛው «ሰርዝ» እንደሆነ መለየት አልተቻለም። እኔ ያደልኩት የመማሪያ ጽሑፍም ስካን የተደረገ ምስል ስለነበር «ባዶ ገጽ» ብሎ አለፈው። (ያንኑ ጽሑፍ ለስምንት ዓመት ሳድል ኖሬያለሁ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።) ጽሑፉን እንደገና ተይበን፣ ማውዙን ትተን ሁሉን በኪቦርድ አቋራጭ ለመሥራት፣ እሱም ሠንጠረዥን በረድፍና በዓምድ እያሰበ በጆሮው ለመከተል አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጀብን። ይህ በቀጣሪ ቢሮ ውስጥ ደርሶበት ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት «አልቻለም» ተብሎ ይሰናበት ነበር።

ሙያን ወደ ኋላ ትቶ ቦታ መስጠት ወዴት እንደሚወስድም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የብሪታንያ ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች 3 በመቶውን ለተመዘገቡ አካል ጉዳተኞች እንዲሰጡ አዞ ነበር። በዚያ ሕግ ለአካል ጉዳተኞች ብቻ የተከለሉት ሥራዎች ሁለት ነበሩ፦ የአሳንሰር አንቀሳቃሽነትና የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪነት።

ደጋፊ፦ «ቢያንስ አንድ ቀን» ያሉት ትክክል ነው፤ መግለጽ ነበረብኝ። የአሳንሰሩ ምሳሌ ግን ከእኔ ጋር የሚቆም ይመስለኛል። ያው ሕግ የሙያ ሥልጠናንም ደንግጎ ነበር፤ የሥልጠናው መኖር ከአሳንሰሩ አላዳናቸውም። የጎደለው በመደበኛው ሥራ ላይ አብሮ የሚቆም ሰው ነበር። ይልቅስ ስለ ተማሪዎ ልጠይቅዎ፦ ሲመረቅ ያ ስክሪን ሪደር የተጫነበት ላፕቶፕ የት ገባ?

ተቃዋሚ፦ የኮሌጁ ንብረት ስለሆነ ክሊራንስ ሲያስፈርም አስረከበ። ከሁለት ወር በኋላ ለቅጥር ፈተና ሲጠራ የተሰጠው ኮምፒውተር ስክሪን ሪደር አልነበረውም። ፈታኙ በደግነት ጥያቄውን በቃል አነበበለት፤ ባለ አሥራ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ግን በቃል ተነብቦ አይሠራም። ፈተናውን ወደቀ። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ኮሌጃችን አልተከታተለም፤ የምንቆጥረው የተመዘገበውንና የተመረቀውን ነው።

ደጋፊ፦ ክርክሬ ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ ትምህርትን በአንቀጽ 24፣ ሥራን በአንቀጽ 27 አስቀመጠ፤ ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ለግለሰቡ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ) የማድረግ ግዴታው ግን በሁለቱም ተጽፏል። በተግባር ግን የማመቻቸቱ ገንዘብ ለኮሌጁ ይሰጣል፣ ተማሪው ሲመረቅ ኮሌጁ መሣሪያውን በር ላይ መልሶ ይወስድበታል። ጀርመን 20 እና ከዚያ በላይ የሥራ ቦታ ያላቸው ቀጣሪዎች 5 በመቶውን ከባድ አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች እንዲሰጡ ታስገድዳለች፤ ያላሟላው ላልተሞላው ቦታ ክፍያ ይከፍላል፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለሥራ ቦታ ማመቻቻ ይውላል። ብዙ ቀጣሪ ከመቅጠር መክፈልን እንደሚመርጥ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ግን ገንዘቡ ሠራተኛው ያለበት ቦታ ይደርሳል። ስለዚህ መሣሪያው በተማሪው ስም ይሁን፤ ተማሪውም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን በደመወዝ ይሥራ።

ተቃዋሚ፦ መሣሪያው በስሙ መሆኑን ያለ ምንም ቅሬታ እቀበላለሁ፤ ደመወዙንም እንዲሁ፣ ያለ ክፍያ የሚደረግ ልምምድ ለእነዚህ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ማለቂያ የለውምና። የመጀመሪያውን ዓመት ግን አልቀበልም። ያ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ወደ ቢሮ ቢላክ ኖሮ ይዞት የሚሄደው «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር።

ደጋፊ፦ ቢሮው ያንን ድምፅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሰምቶት ቢሆን ኖሮ፣ ለፈተናው ቀን ስክሪን ሪደር የተጫነበት ኮምፒውተር ያዘጋጅ ነበር።