በርሜሉ የማን ነው?

ጎረቤቶቼ፣ ወገኖቼ፣ በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሁሉ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ልታገሥ ብዬ ነበር። ፋሲካ ካለፈ ሁለተኛው ወር ተያዘ። አልበረደም።

ነገሩ የቆሻሻ በርሜል ነው። «ለበርሜል ነው እንዲህ የሚሆነው?» የሚል ይኖራል። እስኪ መጀመሪያ ይስማኝ፣ ከዚያ ይፍረድ።

እኛ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ግራውንድ ላይ አንዲት እናት ይኖራሉ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ብቻቸውን ናቸው። መሀል ከተማ የነበረው ሰፈራቸው ለልማት ሲነሳ በምትክ የተሰጣቸው ቤት ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ግራውንድ ስለደረሳቸው እግዜርን ያመሰግናሉ። ከበራቸው ጎን፣ ከደረጃው ሥር፣ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነበራቸው። ክዳን ያለው ነው። በራሳቸው ገንዘብ ከመርካቶ ያስመጡት። ውስጡን ማዳበሪያ ያለብሱታል። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ ልጆች ጋሪያቸውን እየገፉ መጥተው «ቆሻሻ አውጡ!» ሲሉ፣ ማዳበሪያውን አስረው እስከ ግቢው በር ይጎትቱታል።

እኛስ? በዚያ ሰዓት ግማሻችን ሥራ ሄደናል። ግማሻችን ተኝተናል። አንድ ጠዋት የሁለተኛ ፎቋ ልጅ ጋሪው ካለፈ በኋላ ፌስታል አንጠልጥላ ግራ ገብቷት ቆማ አዩዋት። «እዚህ ጣይው ልጄ፣ ብቻ እሰሪው» አሏት። እንዲህ ነው የተጀመረው። ብቻ እሰሪው። ከዚህ ሌላ የጠየቁን ነገር የለም።

በዓመቱ ቆሻሻው የብሎኩ ሆነ። በርሜሉ፣ ማዳበሪያውና ጉተታው ግን የእሳቸው እንደሆነ ቀረ። ያልታሰረ ዳይፐር እንጥል ጀመር። የተሰበረ ብርጭቆ በጋዜጣ እንኳ ሳንጠቀልል፣ የማኅበሩ ልጆች በባዶ እጃቸው እንደሚያነሡት እያወቅን። የተረፈ ወጥ ከነመረቁ። የምንጥለው በቀን አይደለም። ማታ ነው፣ ደረጃው ጭር ሲል። ለምን ማታ? ይሉኝታ አለና። ይሉኝታችን እንዳንታይ አደረገን እንጂ እንዳንጥል አላደረገንም።

እሳቸው ዝም አሉ። ዝምታቸውን ፈቃድ አድርገን ወሰድነው።

ቀዳም ስዑር ደረሰ። ያን ቀን ሕንፃው በሙሉ ቁሌት ቁሌት ይላል። ዶሮ የማይገነጠልበት ቤት የለም። እማማ አክፋይ ናቸው። ከስቅለት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። አመሻሹ ላይ ነጭ ለብሰው፣ ቀጤማቸውን ራሳቸው ላይ አስረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደረጃው ሥር አገኘኋቸው። «በሰላም ያድርሰን» ተባባልን።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። እኛም ከቅዳሴ ተመልሰን ልንገድፍ ተሰናድተናል። ከታች የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። በዚህ ሰዓት ማን ነው ብዬ ወጥቼ ከኮሪደሩ ወደ ታች አየሁ።

እማማ ናቸው። በርሜሉ ወድቋል። ውሾች ጎትተውታል። ላባ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዶሮ አንጀት ከደረጃው እስከ ግቢው ተበትኗል። የዶሮ እጣቢ፣ ያ ቅባት ያለው ቀይ ውሃ፣ በራቸው ሥር ገብቶ ለበዓሉ የጎዘጎዙትን ቄጠማ አርሶታል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ ጎንበስ ብለው ላባውን በእጃቸው ይለቅማሉ። ጎንበስ ሲሉ አንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዟል። ቀጤማው አሁንም ራሳቸው ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ በዚያ ሳምንት ደግሞ አልመጣም። ከጄሪካናቸው ነበር በጣሳ እየቀዱ የሚያፈሱት። ሁለት ቀን ሙሉ ጠብታ ያልቀመሱ ሴት፣ ያጠራቀሟትን ውሃ የእኛን እጣቢ ያጥቡባታል።

እኔ ከላይ ቆሜ አያለሁ።

ባለቤቴ «ዶሮው ቀዘቀዘ» አለችኝ። ገባሁ። «እንኳን አደረሰን» ተባብለን በላን።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። በሁለተኛውም ፎቅ፣ በአራተኛውም መብራት በርቶ ነበር። የመጥረጊያው ድምፅ ለሁላችሁም ይሰማ ነበር። አንድ በር አልተከፈተም።

በማግስቱ በጉ ታረደ። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ማረጃና ልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ። የእኛ ተከራይቷል። ስለዚህ እዚያው ግቢ ውስጥ አረድን። ቆዳውን የሚገዙት ልጆች ወሰዱት። ፈርሱ ግን የት ይሂድ? እማማ ሌሊቱን አጥበው ያቆሙት በርሜል አለ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ጋሪ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በፀሐይ ሁለት ቀን ከረመ። ዝንቡን አልነግራችሁም።

ሰኞ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። እማማ ነበሩ። ሦስት ፎቅ ወጥተዋል። ትንፋሻቸው እስኪመለስ መቃኑን ይዘው ቆሙ። በእጃቸው አንዲት የደብተር ወረቀት ይዘዋል። ታጥባ፣ ፀሐይ ላይ ደርቃ፣ ጠርዟ ተሸብሽቧል። የልጄ የሒሳብ የቤት ሥራ ናት። ከላይ በትልልቅ ፊደል ስሟ ተጽፏል።

«በስሕተት የወጣች መስሎኝ ነው ልጄ» አሉኝ። «አስተማሪዋ የምትፈልጋት ከሆነ ብዬ።»

ተቀበልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ተመልሰው የደረጃውን ብረት እየያዙ ወረዱ።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፌስታሌን ይዤ የወረድኩት እኔ ነኝ። በርሜሉ ሞልቶ ክዳኑ ወለሉ ላይ ነበር። ይዤው ልመለስ እችል ነበር። ሦስት ፎቅ መልሼ መሸከም ሰነፍኩ። ከላይ ልጫነው ብል ተንሸራተተ። ግድግዳቸውን አስደግፌው፣ ወደ በራቸው ጠጋ አድርጌው ወጣሁ። አላሰርኩትም። ያን ሌሊት ከላይ ሆኜ ሲለቀም ያየሁት ላባ የእኔ ዶሮ ላባ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ተግሣጹን ከራሴ ጀምሬያለሁ። ግን በዚህ አላበቃም፣ የባሰው ቀጥሎ መጣ።

በዳግማ ትንሣኤ እሑድ የብሎኩ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ሽታና ዝንብ። እማማ አልነበሩም፣ ማኅበር ሄደዋል። አንዱ ተነሥቶ «ከውሃ ሂሳብ ጋር የቆሻሻ እንከፍላለን፣ ለምን በሽታ እንኖራለን?» አለ። እውነት ነው፣ እንከፍላለን። የምንከፍለው ግን ለሚሰበስቡት ነው። ጎረቤታችን በር ላይ ለመጣል ፈቃድ የሚሸጥ ማንም የለም። ሌላው «በርሜሉ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «የእማማ ነው» ተባለ። በቃ። በርሜሉ የማን ነው ተባለ እንጂ ውስጡ ያለው የማን ነው ያለ አልነበረም። በርሜሉ በሦስት ቀን እንዲነሣ፣ ባለቤቷም 500 ብር እንዲቀጡ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው ዞረ። 14 ሰው ፈረመ።

ዘጠነኛው ፊርማ የእኔ ነው።

ያቺ ወረቀት ቤቴ መሳቢያ ውስጥ እያለች ፈረምኩ። ለምን ብትሉኝ ሁሉም ስለፈረመ ነው። ተነሥቼ «ቆሻሻው የእኔ ነው» ብል ስምንት ዓመት አብሬያቸው የኖርኩ ሰዎች ፊት መዋረድ መሰለኝ። ስለዚህ አንዲት ባልቴት በእኔ ፈንታ ተዋረዱ። ውሳኔው በፕላስተር በራቸው ላይ ተለጠፈ። የቤት ቁጥራቸው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት። እማማ አንድ ቀን አልዘገዩም፣ ከፈሉ። በርሜሉን ለቆራሌው ሸጡት። በስንት እንደሸጡት አልጠየቅኩም። መጠየቅ አልቻልኩም።

ወገኖቼ፣ እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ሆንን? ቤታችን ስትገቡ ጫማ አውልቁ እንላለን። ወለሉን በቀን ሁለቴ እንወለውላለን። ዕጣን እናጨሳለን። ከዚያ በሩን ከፍተን ቆሻሻችንን የማይናገር ሰው ደጃፍ ላይ እናስቀምጣለን። ምርጫችንን ልብ በሉልኝ። የፖሊሱ በር ላይ አልጣልንም። የኮሚቴው ሰብሳቢ በር ላይ አልጣልንም። መልስ የማይሰጥ ሰው ፈልገን ነው የጣልነው። በአዲሱ የኮሪደር ልማት መንገድ ስንሄድ የሃይላንድ ጠርሙሳችንን እስከ ቤት ይዘን እንገባለን፣ ቅጣት አለና። ደረጃ ሥር ደንብ አስከባሪ ስለሌለ ሌላ ሰው እንሆናለን።

ቆሼን ረሳችሁት? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። ብዙዎቹ እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። አልቅሰናል፣ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ያ ተራራ ከሰማይ አልወረደም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ከየቤታችን በፌስታል በፌስታል የወጣ ነው። ያኔም ከሥሩ የተገኙት «ከበሬ አንሱልኝ» የሚሉበት ቦታ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። የቆሼንና የእማማን በር የማወዳድረው ጥፋታችን እኩል ነው ልል ፈልጌ አይደለም። ልባችን ግን ያው ነው። ከዓይናችን ከራቀ አለቀ የሚል ልብ።

ምን እንደሚፈለግብን ታውቁታላችሁ። እማማ በሁለት ቃል ነግረውን ነበር። እሰሩት። የተሰበረውን ጠቅልሉ። ጠርሙሱንና ካርቶኑን ለቆራሌው ለዩ። የማኅበሩ ልጆች ሲጣሩ ይዛችሁ ውረዱ፣ ካለፏችሁ ደግሞ ቤታችሁ ይደር። የራሳችሁ ቆሻሻ ነው፣ ሦስት ቀን አብሯችሁ ቢያድር አይገድላችሁም። በሰው በርሜል ከጣላችሁ ቢያንስ በተራችሁ ጎትቱት። ይህን ሁሉ የስድስት ዓመት ልጅ ይችለዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ 500 ብር በፖስታ አድርጌ እማማ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቷን፣ ፌስታሉን፣ ፊርማዬን። ቡና እየቆሉ ነበር። ምጣዱን ከእሳት አወረዱት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ፖስታውን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«እኔማ የቤት ሥራዋን ሳገኛት አውቄ ነበር» አሉ። «ብሩን ተወው። ስሜን ግን ካወረዳችሁበት ቦታ አንሣልኝ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ ተናገርኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስጨርስ ማንም አልተናገረም። አንዲት ሴት ብቻ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ፈርሱ የእኛ ነበር» አለች። ቅጣቱ ተሽሮ ብሩ ይመለስ ተባለ። የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሬ የፋቅኩት እኔ ነኝ። የፕላስተሩ ምልክት አሁንም በራቸው ላይ አለ። ስድስት ቤት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አዲስ በርሜል ገዛን። በግቢው በር አቆምነው፣ ተራ አወጣን። በሳምንቱ ከጎኑ ያልታሰረ ዳይፐር አገኘሁ። ተናደድኩ፣ ከዚያ አነሣሁት። አሁን የምናደደው እንደ በፊቱ አይደለም። ደክሞኛል መሰለኝ።

እማማ ግን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃውን ይጠርጋሉ። ተዉት ብንላቸው እሺ አይሉም። የላይኛው ፎቅ ልጅ መጥረጊያውን ተቀብሏቸው አየሁ፣ አንድ ጊዜ።

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ሰው ፌስታል ይዞ ወደ ታች ወረደ። ጨለማ ነው፣ ማን እንደሆነ አልለየሁትም። የድሮው በርሜል የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅኩ። ቆየ። ከዚያ ፌስታሉን እንደያዘ ደረጃውን ወደ ላይ ተመለሰ። አንድ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ።

ነገ ማክሰኞ ነው። ጋሪው ሲመጣ እኔም የራሴን ይዤ እወርዳለሁ። ማን ይዞ እንደሚወርድ አያለሁ።