ሮም ላይ የሮጠው ቢቂላ አይደለም

አንድ የከተማችን መሥሪያ ቤት የቆዩ የነዋሪ መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ የባለስሙን ስም በአንድ ፊደል አሳጥሮ የአባቱን ስም ብቻ በሙሉ እንዲጻፍ ሰሞኑን ወስኗል። ለምን ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ዓለም አቀፍ አሠራር ነው» የሚል ነው። ደሴ ተቀምጦ፣ የደሴን ሰው መዝገብ ይዞ እንዲህ የሚል ኃላፊ ስማችን እንዴት እንደሚወጣ ረስቷል።

ፈረንጅ ስሙን በፊደል ቢያሳጥር ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ይቀርለታል። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ከደሴ ለማስወጣት ሲዋጋ የወደቀው የደቡብ አፍሪካ ወታደርም ቢሆን ከፊደሉ ሌላ የወታደር ቁጥሩና ክፍሉ ስለተጻፈለት ማንነቱ አይጠፋም። የእኛ ሰው ሁለተኛ ስም ግን የአባቱ የግል ስም ስለሆነ የልጅ ልጁ አይጠራበትም። በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ነው፤ «ቢቂላ አሸነፈ» የሚል ሁሉ ልጁን ትቶ አባቱን ነው የሚያወድሰው። አበበን ዓለም ስለሚያውቀው ስህተቱ አልጎዳውም፤ የደሴውን የሸዋ በር ሰፈር ሸማኔ ግን ከዚያ መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው ጽሑፍ የለም።

ለመሆኑ «መ. ሰይድ» ማን ነው? መሐመድ ነው፣ መኮንን ነው ወይስ መዲና? መሐመድን አንዱ ጸሐፊ በ«መ»፣ ሌላው በ«ሙ» ስለሚጀምረው አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ በሌላ ገጽ ደግሞ አምስት ሰዎች አንድ ይሆናሉ። «ዘ. አሊ» ዘይነባ ትሁን ዘውዱ፣ ሴትና ወንድ እንኳ አይለይም። አባቱ ሰይድ ወይም አሊ የሆነ ጎረቤት በማይታጣበት በወሎ ምድር ደግሞ የአባት ስም ብቻውን ምን ይለያል? ይኸው መሥሪያ ቤት መስኮቱ ላይ ለቆመ ባለጉዳይ «ስም ከነአያት ሙላ» እያለ ቅጹን ይመልሳል፤ መልስ መስጠት ለማይችሉት ሟቾች ሲሆን ግን አንድ ፊደል በቃቸው ይላል።

«ፈላጊ ከመጣ ዋናውን መዝገብ እናወጣለን» የሚሉም አሉ። ፈላጊው አያቱ የት ገጽ ላይ እንዳሉ ካላወቀ የትኛውን መዝገብ አውጡልኝ ይበል? የኮምፒውተሩ ቅጽ ጠባብ ነው መባሉን እቀበላለሁ፤ እንግዲያው ቅጹ ይስፋ።

ግልበጣው ዛሬውኑ ይቁም። ስሙ ከነአያቱ፣ ሼህነቱ፣ ሐጂነቱና ግራዝማችነቱ ሳይቀር፣ መዝገቡ ላይ እንዳለ ይጻፍ። ዋናው ገጽ ተበልቶ ፊደሉ ብቻ የቀረውን ደግሞ ሰፈሩንና ሥራውን ሲሰሙ «እሱማ የእገሌ አባት ነው» የሚሉ አዛውንቶች ሸዋ በርና አራዳ ውስጥ ገና በሕይወት አሉ፤ ጸሐፊዎቹ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እነርሱ ይሂዱ።