ዕቁብ ፈሪ፣ ባንክ ደፋር

ወገኖቼ፣ ዛሬ መንግሥትን የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። እሱን የሚወቅስ ሞልቷል። ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው፣ ከራሴም ጋር።

አንድ ምርጫ ሲቃረብ የወረዳ አዳራሽ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ሰብሳቢው «ለተደራጁ ወጣቶች ብድር ተመቻችቷል» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። አጠገቤ የተቀመጠ የሰፈር ልጅ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይሞላል። «የሥራው ዓይነት» የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ምን ልበል?» አለው ጓደኛውን።

«ዶሮ እርባታ በላ! ማን ያየዋል?»

«መክፈሉስ?»

«ባክህ፣ ምርጫው ካለፈ ማን ይጠይቅሃል?»

ተሳሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ይኸው ልጅ ዕቁብ አለው። እሁድ እሁድ ተበድሮም ቢሆን ይጥላል። ዳኛውን ይፈራል፣ ዋሱን ያፍራል። የባንኩን ብድር ግን «የመንግሥት ብር» ይለዋል። የት ያለ የመንግሥት ብር? ባንክ ውስጥ ያለው አረብ አገር ያለችው እህታችሁ ከደሞዟ ቆርሳ የላከችው ነው። የጡረተኛው ነው። የእድራችሁ ነው።

ይህን ስለማናስብ ከላይ ያለውም አይፈራንም። በግንቦት 2002 ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2003 ሚያዝያ፣ የግል ባንኮች ካበደሩት እያንዳንዱ ብር 27 በመቶውን የሚያክል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ፣ ማለትም ለብሔራዊ ባንክ በወለድ የሚያበድሩበትን የዕዳ ወረቀት፣ ግዙ ተባሉ። ወለዱ 3 በመቶ። በጊዜው ባንኮቹ ለእኛ ለቆጣቢዎች የሚከፍሉት ትንሹ ወለድ ደግሞ 5 በመቶ ነበር። በ5 ገዝተህ በ3 ሽጥ ማለት ነው፤ ባለሱቅ ቢሆን በሳምንቱ ይዘጋ ነበር። ፓርላማ ውስጥ ማን ይጠይቅ? መመሪያው እስኪነሳ 2012 ገባ። እኛ ያኔ ስለ ባንክ ወሬ እንሰለቻለን፤ ወሬያችን ሌላ ነበር።

ንግድ ባንክም ለስኳር፣ ለባቡር፣ ለመብራት ኃይል ያበደረው ሳይመለስ ተከመረ። በ2017 ፓርላማው ባንኩን ለማዳን ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ አጸደቀ። ያን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። እስከዚያም ከፍለናል። በ2014 የዋጋ ንረቱ 30 በመቶን ሲያልፍ የቁጠባ ወለዳችን ትንሹ 7 በመቶ ነበር። ደብተራችሁ ላይ ያለው ቁጥር አልቀነሰም፤ ጤፉ ግን አነሰ።

ይህ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ምርጫ ስታደርግ ገንዘቡ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። ባለ 500 ሽልንጉን ኖት ሕዝቡ «ጂሮንጎ» አለው፣ በገዢው ፓርቲ የወጣቶች ቅስቀሳ መሪ ስም። በዓመቱ የዋጋ ንረቱ ከ40 በመቶ በላይ ወጣ። ያን ኖት ተቀብሎ ያጨበጨበው ሰው ዳቦውን በስንት እንደገዛ አስቡት።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊትስ ረሳችሁት? የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሸና ሰዉ ከሂሳቡ በላይ ሲያወጣ አደረ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ወጣብኝ አለ። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፣ ነገ «መሪ» የምንላቸው። ወላጅ ደውሎ «መልስ» ከማለት ይልቅ «ስንት አወጣህ?» ያለ እንዳለ አውቃለሁ። ከተማሪው ይልቅ በወላጁ አፈርኩ።

እና እባካችሁ፣ የሚቀጥለው ተወዳዳሪ መጥቶ ብድር ሲያውጅ እጃችሁን ለጭብጨባ ከማንሳታችሁ በፊት ለጥያቄ አንሱት። «ከየትኛው ባንክ? የማን ቁጠባ? ባይመለስ ማን ይከፍላል?» በሉት። ተቃዋሚም ከሆነ ጠይቁት። እንዲያውም እሱን አጥብቃችሁ ጠይቁት፤ ብድር ይሰረዛል ማለት የሚቀለው ገና ላልተሾመ ሰው ነው። የወሰዳችሁ ደግሞ መልሱ። ጨርሳችሁ መክፈል ባትችሉ ጀምሩ።

ልጁ ባለፈው እሁድ ዕቁብ ደረሰው። በደስታ ቡና ጋበዘን። ከቡና ቤቱ በረንዳ ላይ ሆነን የዶሮ ሼዱ ይታያል። ቁልፉ ዝጓል፤ አንድም ላባ አላየሁም።