«ታድጋለች እኮ!»

የአራት ዓመት ልጅ በልኳ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ ከበር ብቅ ስትል፣ አንዲት አክስት ከየት መጣች ሳትባል ትደርሳለች። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ቆንጠር ታደርግና ብብት ስር ትርፍ ትፈልጋለች። ስታጣ ፍርዷን ትሰጣለች፦ «ውይ! ምነው እንዲህ አጠበብሽባት? ታድጋለች እኮ!»

ለልብስ ሰፊዋ አዲስ ዜና መሆኑ ነው። «እሺ እትዬ» ከማለት ውጪ መልስም የለውም።

ችግሩ ልጅ እንደ ሊጥ በሁሉም በኩል ኩፍ አለማለቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ቁመት በዓመት 6 ሴንቲ ገደማ ሲጨምር፣ የደረት ዙሪያ 2 ሴንቲ ቢጨምር ነው። አንገትና ትከሻማ ቸኩለው አያውቁም። ጎኑንም ትከሻውንም አንገቱንም «ለማደጊያ» አምስት አምስት ሴንቲ ያሰፋ ሰው የሚያተርፈው ከአንድ ትከሻ የሚንሸራተት፣ ብብቱ ክርን ጋ የደረሰ ጆንያ ነው። ልክ የሚሆንበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ስፌቱ ተተርትሯል፣ ቀለሙ ለቋል። ልጅቷ ሁለት ዓመት የሰው የሚመስል ልብስ ስትጎትት ከርማ፣ የራሷ ሊሆን ሲል መወልወያ ሆነ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ለከርሞ ጥምቀት አልተባለም። ከተረቶች ሁሉ እንደዚህ ደስ የሚለኝ የለም፤ «ይበጣጠስ» የሚለው ቁጣ በቀጥታ ከልብስ ሰፊ አፍ የወጣ ይመስላል። ጥር 10፣ የከተራ ምሽት፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንድ እጅጌ የቀረው ቀሚስ አቅፎ የተቀመጠ ሰው ትርጉሙ አይጠፋውም። ያን ምሽት ባለ እግር የስፌት መኪናዋ በባለ ኤሌክትሪኳ ላይ ብትስቅ ማን ይፈርድባታል?

ጨርቅ የሚቆረጥበት የልክ ወረቀት፣ ፓተርን የሚባለው፣ እኮ ይህን ክርክር ከዘጋው ቆይቷል። አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር ባተሪክ በፈረንጆቹ 1863 ፓተርን በየልኩ እያዘጋጀ መሸጥ የጀመረው ሰው ሁሉ በልኩ እንዲለብስ ነበር። እኛ ወረቀቱ ላይ የተሰመረውን የአራት ዓመቷን መስመር አልፈን የስድስቷን እንቆርጣለን። በልኳ እቆርጣለሁ የሚለውም ቢሆን፣ ለስፌት የሚተወው ጨርቅ ፓተርኑ ውስጥ ይግባ አይግባ ሳያነብ መቀስ ያነሳል። የአሜሪካኖቹ ባብዛኛው 1.5 ሴንቲ ጨምረው ያትማሉ፤ ቡርዳ ከሚባለው የጀርመን የስፌት መጽሔት የሚገለበጠው ግን ብዙውን ጊዜ የተጣራ ልክ ስለሆነ ራስ መጨመር ነው። ካልጨመሩ፣ ከፊት ሁለት ጎን ከኋላ ሁለት ጎን ስፌቱ 1.5፣ 1.5 ሲበላ ከደረት ዙሪያ 6 ሴንቲ ሄደ። ደረቷ 58 ለሆነች ልጅ መተንፈሻና መሮጫ ተብሎ የሚተወው 6 ወይም 7 ሴንቲ ነበር። እንግዲህ ያኔ አክስት ልክ ትሆናለች፤ ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር የለም።

ፓተርኑ ላይ ያለው ቀስትም ለጌጥ አልተሳለም። ድሩን ተከትሎ ከጨርቁ ጠርዝ እኩል ይተኛል። ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ ካጋደለ፣ ሁለቴ ሲታጠብ ቀሚሱ ይዞርና የጎኑ ስፌት እምብርት ላይ ይመጣል። የጥጥ ፖፕሊን ከሆነ ሳይቆረጥ ይታጠብ፣ ይተኮስ፤ ከ1 ሜትር 3ቱን፣ 5ቱን ሴንቲ ውኃ ይወስዳል።

መቀስ ካልኩ አይቀር፣ የጨርቅ መቀስ የጨርቅ ነው! ፓተርኑን እንኳ ሌላ መቀስ ይቁረጠው፤ ወረቀት ሲሠራ የሚገባበት የኖራ ዓይነት ዱቄት ስለት ይበላል። ይህ በየቤቱ ሺህ ጊዜ ተነግሯል። ሆኖም የወተት ከረጢት፣ የጀሪካን ማሰሪያ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የአጎት የእግር ጥፍር ሁሉ በእሱ ነው። «አንዴ ብቻ እኮ ነው!» አንዴ ብቻ! ከዚያ በኋላ መቀሱ ጨርቁን በሁለቱ ስለት መሃል አጥፎ ያኝከዋል፤ የአንገቱ ጠርዝ አይጥ የበላው መስሎ ይወጣል። ያ አጎት ግን ጥፍሩ አምሮ ቡናውን ይጠጣል። ሰው በቤቱ መቀስ የሚቆልፍበት ሳጥን እስኪገዛ መድረስ ነበረበት?

ኧረ ማደጓ! የምታድገው ወደ ታች ስለሆነ ትርፉም እዚያው ይቀመጥ። ጉርዱ ስፋቱ የወገቡን እጥፍ ያህል ይቆረጣል፤ ከላይ ረዘም ባለ ስፌት ሁለት መስመር ይሰፋና የታችኛው ክር እየተሳበ ይሸበሸባል። በአንድ መስመር የቆጠበ፣ ክሩ ሲበጠስ ከዜሮ ይጀምራል። ከታች በ3 ሴንቲ ፈንታ 8 ሴንቲ አጥፎ በእጅ መዘምዘም ነው። ለከርሞ ተፈትቶ ይወርዳል። የድሮው እጥፋት ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ቢታይም፣ ጥለት ቢሰፋበት ማን ያውቃል?

አክስት ታውቃለች። በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ፦ «ይሄ ጥለት ምን ሊሸፍን ነው?»