ጠጠሩ ስንት ነው?

የጎረቤቴ ልጅ አምስተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሜዳ ሲመለስ በር ላይ አገኘኝና የሰፈሩን ጨዋታ ተረከልኝ። ማን ለማን እንዳቀበለ፣ በረኛው እንዴት እንደተንሸራተተ፣ ሁለተኛዋ ጎል ለምን መሻር እንደነበረባት፣ ለግብነት ከቆሙት ሁለት ድንጋዮች አንዱ በእግር እየተገፋ ግቡ እንዴት እንደጠበበ ሳይቀር ነገረኝ። ሰኞ ማታ ደግሞ የቤት ሥራውን ይዞ መጣ። «ስለምትወዱት ስፖርት አንድ አንቀጽ ጻፉ» ይላል። የጻፈው ይህን ነው፦ «እግር ኳስ ጠቃሚ ስፖርት ነው። ለጤና ይጠቅማል። አእምሮን ያድሳል። ስለዚህ ሁላችንም ስፖርት መሥራት አለብን።» ቅዳሜ ያየሁት ልጅ እዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም።

ልጁን አልወቅስም። እኔም አማርኛ ሳስተምር እንዲህ ያለውን አንቀጽ «ጎበዝ» ብዬ ስንት ጊዜ አርሜአለሁ። ድርሰት ተራኪ፣ ገላጭ፣ ሥዕላዊና አመዛዛኝ ተብሎ እንደሚከፈል ተማሪዎቼ በቃላቸው ይወጡታል፤ ፈተና ላይም ይመልሳሉ። ግን አንድን ነገር ለማያውቀው ሰው በጽሑፍ ገልጸው አያውቁም። መመሪያና ዘገባ መጻፍ ከጨዋታ ቢጀመር የምለው ልጆች ስፖርት ስለሚወዱ ብቻ አይደለም። ጨዋታ ጽሑፉን ራሱ ስለሚፈትነው ነው።

ቅልልቦሽን እንውሰድ። እጅ ያውቀዋል፤ ብዕር ግን አያውቀውም። አንዷ ተማሪ አጨዋወቱን ትጻፍ፤ ወረቀቱ ተጫውቶ ለማያውቅ ልጅ ይሰጥ፤ እርሱም የተጻፈውን ብቻ ያድርግ። ጸሐፊዋ በቃል ማገዝ አይፈቀድላትም። «ጠጠር ወርውረህ ያዝ» ብላ ከሆነ ልጁ ያለውን ጠጠር ሁሉ ወደ ላይ ይበትነዋል። ክፍሉ ይስቃል፤ እርሷም ወረቀቷን ትነጥቃለች። ቀጥሎ የምትጽፈው «አንዱን ወደ ላይ ወርውር፤ እርሱ ሳይወድቅ ከመሬት አንድ አንሣና የወረወርኸውን ቅለብ» ይሆናል። ሰሌዳ ላይ በሰዋስው ስም ተዘርዝረው የሚደርቁት «ሳይ» እና «እስኪ» እዚህ ሥራ ያገኛሉ። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣም፤ ያረመው ጠጠሩ ነው።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ወርውር» ካለች ሴቷ ቀረች፤ «ወርውሪ» ካለች ወንዱ፤ «ወርውሩ» ካለች አንዱን ጠጠር ስንት ሰው ይወርውረው? «ይወረወራል» የሚለው፣ የምግብ አሠራር ሲጻፍ «ሽንኩርቱ ይከተፋል» እንደሚባለው፣ ሁሉንም ያስታርቃል፤ ግን ይቀዘቅዛል። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ በአንድ ቃል ይገላገላል። የእኛ ልጅ ግን ለማን እንደሚጽፍ ሳይወስን አንድ ግስ እንኳ መጻፍ አይችልም። ይህን ውሳኔ አሥር ዓመት ሳይሞላው ቢለምደው ምን ይጎዳዋል?

ወደ ዘገባ ስንመጣ ልጆቹ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚሰሙት የቀጥታ ስርጭት ነው፤ «ይዞ ይገባል፣ ያቀብላል፣ መታ!» ዘጋቢ ግን መጨረሻውን ያወቀ ሰው ነው። በመስከረም 1993 ዓ.ም. የተካሄደውን የሲድኒ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ፍጻሜ አሳይቶ ማስጻፍ ይቻላል። ልጆቹ «ኃይሌ በሚገርም ሁኔታ ለጥቂት አሸነፈ» ብለው ይጽፋሉ። ለጥቂት ስንት ነው? ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የገባው በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ሁለተኛ የወጣው ኬንያዊ ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ነው። ከ25 ዙር በኋላ በመካከላቸው የነበረው 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ ከተጻፈ «በሚገርም ሁኔታ» ሥራ ያጣል። (አንዳንድ የስፖርት ዘጋቢዎቻችንም ይህን ትምህርት አብረው ቢወስዱ አልጠላም። «ተጠባቂው» እና «አስደማሚው» ተደርድረው ውጤቱ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የሚገኝበት ዜና ሰልችቶኛል።)

ቁጥር ብቻውንም አይበቃም። ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ 10,000 ሜትሩን በ31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ አሸንፋ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት፤ ሁለቱ አብረው ሜዳውን ዞሩ። ይህ የውጤት ሰሌዳ ላይ የለም። ዘገባው ውስጥ ይግባ? የት ላይ? ልጆቹ ይከራከሩበት።

ከሁሉ የምወደው ግን የሰፈሩን ጨዋታ ነው። ካሸነፈው ቡድን አንድ፣ ከተሸነፈው አንድ ልጅ ያንኑ ጨዋታ ይዘግቡና ጎን ለጎን ይነበብ። የሚለያዩት ያቺ ሁለተኛዋ ጎል ላይ ነው። «ጎል ነበረች» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ዳኛ አልነበረም፤ እነርሱ ገብታለች ይላሉ፣ የእኛ በረኛ ከድንጋዩ ውጪ ናት ይላል» ወደሚለው እስኪለወጥ መታገስ ነው።

መምህራን ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ማን ያርመዋል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ስልሳ ደብተር ተሸክሜ ቤት ገብቻለሁ። ለአራት ልጅ አንድ ወረቀት ቢሆን አሥራ አምስት ይሆናል፤ ግማሹን እርማት ደግሞ አንባቢው ልጅ ይሠራዋል። ስፖርት የማይወድ ልጅስ? እርሱ ከሁሉ የተሻለው ፈታኝ ነው፤ ያልተጻፈውን ገምቶ አይሞላም።

ይህን ከመጻፌ በፊት ራሴን ልሞክር ብዬ የቅልልቦሽን አጨዋወት በአንድ ገጽ ጻፍሁ። ዙሮቹን ለየሁ፣ ግሶቹን መረጥሁ፣ «ሳይ» የሚገባበትን ሁሉ አስገባሁ። ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠሁት፤ «የሴት ጨዋታ ነው» እያለ ተጫውቶት አያውቅም። ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ጠጠሩ ስንት ነው?»