ፀሐይ ላይ የተተከለ ወንበር ለማን ነው?

ዱባይ የምትኖሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በጁላይና በኦገስት ውጭ ቁጭ የምትሉት የት ነው? በነፃ ማለቴ ነው። ምንም ሳትገዙ፣ ጥበቃ ሳያስነሳችሁ።

እኔ ያለሁት ዴራ ነው። ሰፈራችን ያለችው መናፈሻ የብረት ወንበር ሞልቷታል። ሁሉም የተተከለው አናት በሚበሳ ፀሐይ መሀል ነው። ከሰዓት ብረቱ በልብስ ላይ እንኳ ያቃጥላል። ሕዝቡ ታዲያ የት ነው? ሕንፃው ሥር፣ መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ። ባንግላዴሹ፣ ኔፓሉ፣ ፊሊፒኗ፣ ሐበሻው በአንድ መስመር። ጥላው ፈቀቅ ሲል ሁሉም ካርቶኑን እየጎተተ አብሮ ፈቀቅ ይላል።

«ዛሬ 41 ዲግሪ ነው» ሲባል ደሜ ይፈላል። ያ ቁጥር የሚለካው ጥላ ውስጥ ነው! ፀሐይ ላይ የቆመን ሰው ከላይ ፀሐዩ፣ ከሥር አስፋልቱ፣ ከጎን የሕንፃው መስታወት ይለበልበዋል። የባሕሩ ወበቅ ሲጨመርበት ደግሞ ላብ አይደርቅም። ላብ ካልደረቀ ሰውነት በምን ይቀዝቅዝ?

«እናንተማ ለምዳችሁታል» የሚሉን አሉ። ከአፍሪካ የመጣ ሁሉ በረሃ ያደገ ይመስላቸዋል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ! ያሳደገኝ ብርድ ነው።

ጥሩውን አልክድም። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛን ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ኤሲ ያላቸው ፌርማታዎችም አሉ። ውስጥ ለውስጥ ስትገቡ ግን ፌርማታ ማለት አንድ የቆመ ብረት ነው።

«ሞል ግቢ» ይሉኛል። በሳምንት አንድ ቀን የምትወጣ የቤት ሠራተኛ ሞል ምን ይሠራላታል? እሷ የምትፈልገው ከጓደኞቿ ጋር እንጀራዋን ፈትታ መብላት፣ እናቷ ጋ ደውላ እንደልቧ ማውራት፣ ካስፈለገም ማልቀስ ነው። ሞል ውስጥ ይሄ አይሆንም።

የሚገርመው ዘዴው እዚሁ ነበር። አል ፋሂዲ የሚባለውን የዱባይ አሮጌ ሰፈር ሄዳችሁ እዩት። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የአንዱ ቤት ግድግዳ ለሌላው ጥላ ነው። ባርጂል የሚሉት የነፋስ ማማ ከላይ የያዘውን ነፋስ ወደ ቤት ያወርዳል። ያለ ኤሌክትሪክ! ዛሬ ግን መንገዱ ሰፊ፣ ሕንፃው መስታወት፣ የሚተከለውም ዘንባባ ሆነ። ዘንባባ ያምራል፤ ጥላው ግን ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም። የአገሩ ዛፍ ጋፍ አለ አይደል? ሲድር የሚሉት የኛው ቁርቁራስ?

ዛፍ እስኪያድግ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሺ። ወንበር ማዛወር ግን ስንት ቀን ይፈጃል? ከሰዓት ጥላ የሚወድቀው ከሕንፃው በስተምሥራቅ ነው። ወንበሩን ነቅላችሁ እዚያ ትከሉት። በቀረው ላይ ሸራ ወጥሩ። አጠገቡ የሚጠጣ ውሃ አስገቡ። የሚቀጥለው ጁን ሳይመጣ።